ለሦስት ቀን ዕረፍት ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ፦ ቤተሰብ ምን አይቶ ቢመለስ ይሻላል?

ዘንድሮ የአድዋ ድል በዓል፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ ይውላል። ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲደመር ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም ሦስት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ያገኛሉ። አርሶ አደሩም ቢሆን በዚህ ወቅት ማሽላውንና በቆሎውን ሰብስቦ አኩሪ አተሩን ለገበያ የሚያቀርብበት እንጂ ሞፈር የሚያነሣበት ጊዜ አይደለም። በሚያዝያ 23 የሚውለው የሠራተኞች ቀን ዘንድሮ ዓርብ በመሆኑ ሌላ ረጅም ዕረፍት ይፈጥራል፤ ያ ግን በአካባቢያችን ዝናብ የሚጠበቅበትና መሬት የሚዘጋጅበት ወቅት ስለሆነ ለከተማ ነዋሪ እንጂ ለገበሬ አይመችም። በዚህም ምክንያት «ልጆቹን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላሳያቸው» የሚለው የቆየ የወላጅ ሐሳብ ከነገር ወደ ተግባር ሊለወጥ የሚችለው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ጉዞው ቀላል ወጪ የለውም። የአምስት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ከዓመቱ ምርት ትልቅ ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ገንዘቡ ወጥቶ ልጆች ፎቅና መኪና ብቻ አይተው ከተመለሱ ያስቆጫል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በግብርና ኮሌጅ ተማሪነቱ ዘመን ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ቀን አራት ሙዚየም ለማዳረስ ሮጧል፤ ዛሬ ከዚያ ቀን አጥርቶ የሚያስታውሰው የእግሩን ሕመም ነው። ስለዚህ ጥቂት ቦታ መርጦ፣ ከቤተሰቡ ሕይወት ጋር ከሚገናኘው ጀምሮ፣ ረጋ ብሎ ማየት ይመረጣል።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ ቤተሰብ መንገድ ላይ ማደርን ታሳቢ ማድረግ ስለሚኖርበት ሦስቱ ቀናት ለመንገዱም ለጉብኝቱም አይበቁም፤ ከፊትና ከኋላ ቀናት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የአውሮፕላን በረራው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ቢሆንም ዋጋው ለሁሉም አይቀመስም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከመናኸሪያ አጣርቶ መነሣት ተገቢ ነው።

ከተማው ከተደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ማረፊያ ሸጎሌ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሳይቀር ይህ የጉለሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን መሆኑን አያውቅም። ሼህ ሆጀሌ የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ አካባቢው በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ፤ ሼህ ሆጀሌም ለዓመታት አዲስ አበባ ተይዘው ቆይተው በኋላ ወደ ሥልጣናቸው ተመልሰዋል። የቤኒሻንጉል ወርቅ በግብር መልክ ወደ ቤተ መንግሥት ይጓዝ የነበረው በእሳቸው ዘመን ነው። የባሪያ ንግድም የዚሁ ዘመን ታሪክ አካል ስለሆነ፣ ወላጅ እንደ ልጁ ዕድሜ መጥኖ ቢነግረው እንጂ ቢደብቀው አይጠቅምም። በዋና ከተማዋ የነበራቸው መኖሪያ ቤት በቅርስነት ይታወቃል። ወደ ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከውጭ ብቻ ቢታይ እንኳ ከአሶሳ የመጣ ሕፃን የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ ሲሰማ የሚጠራው የአገሩ ሰው ስም መሆኑን ያውቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው ገነተ ልዑል የተባለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተውታል፤ መኝታ ቤታቸውም ተጠብቆ ይታያል። የሙዚየሙ አደረጃጀት ግን ከሌሎቹ የሚለየው በሌላ ነገር ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔር ወይም በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው፤ ልደትና ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ሞት። በዚህም ምክንያት ስለ ቤተ መንግሥት ግድ የሌላት አንዲት እናት እንኳ ልጅ እንዴት እንደሚታዘል፣ እህል እንዴት እንደሚፈጭ፣ ሙሽራ እንዴት እንደምትዋብ ስታይ የምትናገረው አታጣም። የእርሻ መሣሪያዎች ያሉበት ዘንድ አባት ቆሞ ከራሱ ጋር ያነጻጽር፤ የዜማ መሣሪያዎች ዘንድ ደግሞ ልጆቹ የእኛው ዙምባራ ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ ይፈልጉ። ጊዜ ከተረፈ በግቢው ውስጥ የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ሲሆን፣ ዛሬ ጫፉ ላይ የቆመው የኢትዮጵያ አንበሳ ነው።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት፣ አምስት ኪሎ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽ ቤት ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ልጆች አጠገቧ ሲቆሙ በቁመት ስለሚበልጧት ይደነቃሉ። ለእይታ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ቅጂው መሆኑን አስቀድሞ መንገር ግን ከኋላ ቅሬታ ያድናል፤ ዋናው አፅም የሚጠበቀው በጥንቃቄ ነው። በ1993 ዓ.ም. የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም ደግሞ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ስለነበረች ለትናንሽ ተመልካቾች የበለጠ ትቀርባለች። «እኛ ዘንድስ እንዲህ ያለ የለም?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር መልስ አለው። በ1990ዎቹ የስፔን ተመራማሪዎች በአሶሳ ዙሪያ በሚገኙ የዐለት መጠለያዎች ቆፍረው የድንጋይ መሣሪያዎችና የሸክላ ስብርባሪዎች አግኝተዋል፤ በዐለት ላይ የተሣሉ ሥዕሎችም አሉ።

በሙዚየሞች የሚገኙት መግለጫዎች በአብዛኛው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በቤቱ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ የሚነጋገር፣ ንባብም ያልተማረ አባት ወይም አያት በዚህ የተነሣ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ግን አብሮት አለ። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ መግለጫውን እያነበበ በቤቱ ቋንቋ ቢተረጉም አስጎብኚ ሆነ ማለት ነው። አያትም በተራቸው የዕቃውን አሠራር ከመግለጫው በተሻለ ሊያስረዱት ይችላሉ። ለዚህ ጊዜ መስጠት፣ ልጁንም «ቶሎ በል» ብሎ አለማዋከብ ተገቢ ነው።

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ይገኛል። የጦርነቱን ዝግጅት፣ ጉዞና ውሎ ለልጅ በሚገባ መልክ ያሳያል። ይሁንና በበዓሉ ዕለት ማለዳ የምኒልክ አደባባይ አካባቢ በሕዝብ ስለሚጨናነቅና መንገዶችም ስለሚዘጉ፣ ትናንሽ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢያየው ይመረጣል። ሰኞን ለአንድነት ፓርክ መተው ይቻላል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች አሉት፤ የአፄ ምኒልክ ግብር አዳራሽም ይታያል፤ ክልሎችን የሚወክሉ ማሳያዎችም ስላሉ ልጆች የቤኒሻንጉል ጉሙዝን እንዲፈልጉ ማድረግ ጥሩ ጨዋታ ነው። የሳይንስ ሙዚየምና እንጦጦ ለሌላ ጉዞ ቢቆዩ አይከፋም። በሁሉም ስፍራ ግን የመግቢያ ዋጋንና የበዓል ቀን የሥራ ሰዓትን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ የካቲት 23 በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ውስጥ ይውላል። የሚጾም ቤተሰብ ጉብኝቱን ጠዋት ጨርሶ ከሰዓት ቢያርፍ ይበጃል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ማታው ለለመድነው ሰውነት ብርድ ነው፤ ዳገቱም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሹራብ አይረሳ።

አንድ የግብርና ነገር ጨምሬ ላብቃ። ለዘመድ ማንጎ ይዞ መሄድ የአገራችን ወግ ነው። ነጩ የማንጎ ተባይ በቅጠልና በችግኝ ስለሚዛመት ፍሬው ታጥቦ፣ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ተለይቶ ይጫን። ከመንገድ ዳር የተገዛ የማንጎ ችግኝም ሳይመረመር ወደ አሶሳ ጓሮ አይግባ።