ቪትዝ፦ ከታክስ ሠንጠረዥ እስከ ጌጫ ዳገት

በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እኛ ዘንድ ሃያ ዓመት የተነዳች ቪትዝ ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ትሸጣለች፤ ባለቤቷም ነድቶ ሲያበቃ ያተረፈ ሰው ነው። ምክንያቱ ከሞተሯ ይልቅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይገኛል።

ድሮ ትንሽ መኪና ማለት ፊያት 600 እና ቮልስ ነበር፤ ከዚያ ላዳና ዲኤክስ ጎዳናውን ያዙ። ቶዮታ ቪትዝን በጃፓን ያወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ያሪስ ብሎ ተቀበላትና እ.ኤ.አ. የ2000 የዓመቱ መኪና ብሎ መረጣት፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮም ፈረንሳይ ውስጥ ቫሌንሲየን ትመረት ጀመር። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ የምትመቸን መሪዋ በግራ የሆነው የአውሮፓዋ ናት። ጀርባዋ ላይ ያሪስ ቢጻፍም ገበያው ቪትዝ ይላታል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ በሆነ መኪና ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። የቪትዝ ሞተር በአብዛኛው 998 ወይም 1298 ሲሲ ነው። የመጀመሪያው እርከን ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። አሮጌ መሆኗም በታክሱ መጣኔ አያስቀጣትም ነበር።

የካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን ገለበጠው፦ ለአዲስ ትንሽ መኪና 5 በመቶ፣ ለአሮጌ ግን እስከ 500 በመቶ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን አዲሱን ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ብርቅ ነበር። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የግል መኪና ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ጋር ተመደበ። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት መታገዱ ተነገረ፤ ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ተተኪ አጣችና ዋጋዋ ሚሊዮን ብርን ተሻገረ። እኔ ይህን የመኪናዋ ክብር አልለውም፤ የአቅርቦት እጦት ነው።

አሁን ይህችን የከተማ መኪና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸካ ዞን ካለችው ጌጫ እናድርሳት። የሸካ ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ካሉ ጭቃና ጠጠር ይጠብቃል። ከቴፒ ቆላ ወደ ጌጫ ሲወጣ አምስት ሰው የጫነች ባለ 998 ሲሲ ቪትዝ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። ከመሬት ያላት ከፍታም ትንሽ ነው፤ ማርሚታዋና የዘይት መያዣዋ ድንጋይ ይነካቸዋል። ስለዚህ እዚህ የምትፈለገው ባለ 1.3ዋ፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳዋ ናት። ሻጭ «አውቶማቲክ» የሚላት ሁለተኛዋ ትውልድ አንዳንዴ የለመድነው ዓይነት አውቶማቲክ አይደለችም፤ ውስጧ ያው ፍሪሲዮን አለ፣ የሚረግጠው ግን ሰው ሳይሆን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እሱ ሲበላሽ ጌጫም ሆነ ሚዛን የሚጠግን ማግኘት ከባድ ነው፤ ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስኬዳል።

የሞተሯ መልካም ጎን በየጊዜው የሚቀየር ጎማ ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት ያላት መሆኑ ነው። ሰንሰለቱ ግን ዘይት ካነሰው ይረዝማል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስታችሁ ካንኳኳ ተዉት። የተወለወለ ቀለም አያታልላችሁ፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ ላሜራውን እዩ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነማ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

ኤሌክትሪኳን መጠበቅ ይሻላል የሚል አለ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ እስማማለሁ። የኃይል መሙያ ጣቢያዎቹ ግን በብዛት መዲናዋ ውስጥ ናቸው፤ ከዚያ እስከ ሸካ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመብራቱን ነገር ደግሞ ነዋሪው ያውቀዋል። ጌጫ ገና ጥቂት ዓመታት በቤንዚን ትነዳለች።

የቡና ገንዘብ ከጥቅምት በኋላ እጅ ሲገባ መቸኮል አለ፤ ደላላም ይህን ያውቃል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ ከዚያም የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ አንድ ዳገት ሳትወጡ አትፈርሙ።