የጤና መረጃን ከተለዋዋጭ ድረ ገጾች በፕሮግራም ስለ መሰብሰብ

መግቢያ

የወረርሽኝ ቁጥሮች፣ የክትባት ሽፋንና የምርምር ጽሑፎች በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚገኙት በድረ ገጾች ላይ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ መታየቱና ለሥራ በሚያመች መልክ መገኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በርካታ የጤና ባለሙያዎች ከድረ ገጽ ላይ እያነበቡ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ሥራው ጊዜ የሚፈጅ ከመሆኑም በላይ በድካም ምክንያት ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

በእጅ የመገልበጥ ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ በሚገባ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሎረን ጋርድነርና የዶክትሬት ተማሪዋ ኤንሼንግ ዶንግ፣ በኋላ ኮቪድ-19 የተባለውን በሽታ ሥርጭት በካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2020 ከፈቱ። እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ መረጃው የሚሰበሰበው በእጅ ሲሆን፣ ገጹም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ይታደስ ነበር። በሽታው እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ አሠራር የሚያዛልቅ አልሆነም። ስለዚህ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ በከፊል አውቶማቲክ የሆነ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ፤ በቻይና የሕክምና ማኅበረሰብ አባላት ከሚመራው ዲ.ኤክስ.ዋይ ከተባለው ድረ ገጽ ቁጥሮች በየ15 ደቂቃው ይወሰዱ ጀመር። ያም ሆኖ ሰዎች ከሥራው አልወጡም። አዳዲስ ሕሙማን መገኘታቸው ከሌላ ምንጭ ሲሰማ፣ ቁጥሩ በእጅ ከመመዝገቡ በፊት ከየአካባቢው የጤና መሥሪያ ቤቶች ጋር ይመሳከር ነበር። ዩኒቨርሲቲው መረጃ መሰብሰቡን ያቆመው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023 ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራም ከድረ ገጽ ላይ ቁጥር የሚያነብበትን መንገድ ማስረዳት፣ እንዲሁም ቁጥሩ የጤና ባለሙያውን የት ላይ ሊያሳስተው እንደሚችል ማመልከት ነው።

ተለዋዋጭ ድረ ገጽ ሲባል ምን ማለት ነው?

ቋሚ የሚባለው ድረ ገጽ እንደ ታተመ ጋዜጣ ጽሑፉና ቁጥሩ አስቀድሞ የተጻፈበት ነው። ብራውዘሩ ገጹን ሲጠይቅ ሰርቨር የሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይልካል። በተለዋዋጭ ገጽ ግን በመጀመሪያ የሚደርሰው ባዶ ቅጽና ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ብራውዘሩ ትእዛዙን ሲፈጽም ቁጥሮቹን ከሰርቨሩ ዳግመኛ ይጠይቃል፤ ምላሹ ሲመጣም ባዶውን ቅጽ ይሞላል። ተጠቃሚው ክልል ወይም ወር በመረጠ ቁጥር ይኸው ጥያቄና ምላሽ ይደጋገማል።

ተለዋዋጭ ገጽ ምርመራ የታዘዘበት፣ ውጤቱ ግን ገና ያልተያያዘበት የታካሚ ካርድ ይመስላል። ካርዱን ከካርድ ክፍል ተቀብሎ ወዲያውኑ የሚያነብ ሰው የታካሚውን ስም፣ ዕድሜና የታዘዘውን ምርመራ ያገኛል እንጂ የላቦራቶሪውን ውጤት አያገኝም። ገጹን አውርዶ ብቻ የሚያነብ ቀላል ፕሮግራምም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በስክሪኑ ላይ በግልጽ የሚታየው ቁጥር ፕሮግራሙ ባወረደው ጽሑፍ ውስጥ ሲጠፋ ጀማሪዎች ግራ የሚጋቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ከተለዋዋጭ ገጽ ጀርባ ያለውን መረጃ ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። በቅደም ተከተል ሊሞከሩ ይገባል።

የመጀመሪያው የመረጃው ባለቤት ራሱ ያዘጋጀው በር ነው። ይህም የሚወርድ ፋይል ወይም ኤ.ፒ.አይ የሚባለው፣ አንዱ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ጆንስ ሆፕኪንስ የካርታውን ቁጥሮች ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በየቀኑ በሠንጠረዥ ፋይል ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን የፈለገ ሰው ከካርታው ላይ ለመልቀም መድከም አያስፈልገውም ነበር። የሕክምና ጽሑፎች መዝገብ የሆነው ፐብሜድ ኢ-ዩቲሊቲስ የሚባል ኤ.ፒ.አይ አለው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በኢትዮጵያም ለጤና ሪፖርት የሚያገለግለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ-2 እንዲሁ ፈቃድ ላለው ተጠቃሚ የራሱ ኤ.ፒ.አይና ሠንጠረዥ የማውረጃ መንገድ አለው።

ሁለተኛው መንገድ ገጹ ራሱ ቁጥሮቹን የሚጠይቅበትን አድራሻ ማግኘት ነው። ብራውዘሮች ለፕሮግራም ሠሪዎች ባዘጋጁት መሣሪያ ውስጥ ኔትወርክ የሚባለው ክፍል ሲከፈት፣ ገጹ ወደ ሰርቨሩ የላካቸው ጥያቄዎች በዝርዝር ይታያሉ። ምላሹ ብዙውን ጊዜ ጄሰን በሚባል ቅርጽ፣ የመለኪያው ስምና ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። በፓይተን ወይም በአር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ይህንን ምላሽ በቀጥታ ማንበብ ይችላል። ሆኖም አድራሻው ለውጭ ተጠቃሚ የታሰበ ስላልሆነ ባለቤቱ ሳያስታውቅ ሊለውጠው ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ብራውዘሩን ራሱን በፕሮግራም ማንቀሳቀስ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች መጀመሪያ የተሠሩት ድረ ገጾች በትክክል መሥራታቸውን ለመፈተሽ ነበር። ሲሊኒየም እ.ኤ.አ. በ2004 በጄሰን ሃጊንስ ተጀመረ፤ የጉግል ፓፒቲር በ2017፣ የማይክሮሶፍት ፕሌይራይት ደግሞ በ2020 ተከተሉ። ፕሮግራሙ ገጹን ይከፍታል፤ ከዝርዝሩ ክልሉንና ወሩን ይመርጣል፤ ቁጥሩ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ያነባል፤ በፋይል ያስቀምጣል። ይህ መንገድ አዝጋሚና በቀላሉ የሚሰናከል በመሆኑ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል።

ፕሮግራሙ የሚሳሳትበት ቦታ

በሦስተኛው መንገድ ከባዱ ነገር መጠበቅ ነው። ጀማሪ ፕሮግራም ሠሪ ብዙውን ጊዜ "አምስት ሰኮንድ ጠብቅና አንብብ" ብሎ ያዛል። የኢንተርኔቱ መስመር ፈጣን በሆነበት ቀን ይህ ይሠራል። መስመሩ በዘገየበት ቀን ግን ከሁለት ስሕተቶች አንዱ ሊደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው፣ አንዳንድ ገጾች ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ ዜሮ ስለሚያሳዩ ፕሮግራሙ ይህንን ዜሮ እንደ እውነተኛ ውጤት መመዝገቡ ነው። ሪፖርት ያልመጣበት ወረዳ ኩፍኝ ያልታየበት ወረዳ ይመስላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፕሮግራሙ አዲስ ክልል መርጦ ሠንጠረዡ ሳይታደስ ካነበበ፣ የቀደመውን ክልል ቁጥር በአዲሱ ክልል ስም ይመዘግባል። ይህም የአንዱን ታካሚ የደም ናሙና በሌላው ስም ከመለጠፍ አይለይም፤ ቁጥሩ እውነተኛ ስለሚመስል ስሕተቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው በሰኮንድ ሳይሆን በምልክት መጠበቅ ነው። ፕሮግራሙ የሠንጠረዡ ርእስ የተመረጠውን ክልል ስም መያዙን ወይም የሰርቨሩ ምላሽ መድረሱን ሳያረጋግጥ ማንበብ የለበትም። ምልክቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልመጣ ቦታውን ባዶ ትቶ ስሕተቱን ማሳወቅ አለበት እንጂ ዜሮ መጻፍ የለበትም።

ቁጥሩ ሳይሳሳት ትርጉሙ ሲለወጥ

ፕሮግራሙ በትክክል አንብቦም ባለሙያው ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2020 የቻይናዋ የሁቤ ግዛት በአንድ ቀን 14,840 አዳዲስ የኮቪድ-19 ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታወቀች። ከነዚህ ውስጥ 13,332ቱ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ በሐኪም ምርመራና በሳንባ ምስል የተለዩ ነበሩ፤ በቀድሞው መስፈርት የሚቆጠሩት 1,508 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ያናረው በሽታው በአንድ ሌሊት መባባሱ ሳይሆን የሕመሙ መለያ መስፈርት መለወጡ ነው። ቁጥር ብቻ የሚለቅም ፕሮግራም በገጹ ግርጌ የሚጻፈውን እንዲህ ያለ ማብራሪያ አያስተውልም።

መረጃ ድምፅ ሳያሰማ ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ እንግሊዝ አይታለች። ጉዳዩ ከድረ ገጽ መልቀም ጋር ባይገናኝም ትምህርቱ አንድ ነው። የላቦራቶሪ ውጤቶች በቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት አማካይነት በአውቶማቲክ መንገድ ይተላለፉ ነበር። ይህ የፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ የተረፈው ተቆረጠ። በዚህም ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባለው ጊዜ 15,841 ሕሙማን ከሪፖርት ወጡ። ሕሙማኑ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር፤ ከነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራ ግን ዘገየ። በተላላፊ በሽታ ቁጥጥር ውስጥ የቀናት መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ለጤና ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሊደረጉ የሚገባቸው ፍተሻዎች

ከላይ የተገለጹትን ስሕተቶች ለመከላከል የሚከተሉት ፍተሻዎች ይጠቅማሉ።

1. ከሰርቨሩ የመጣው ምላሽ ሳይነካ፣ የተወሰደበት ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ ተጽፎበት ይቀመጥ። ጥርጣሬ ሲነሣ ወደ ዋናው ምንጭ መመለስ የሚቻለው በዚህ ነው።

2. "ዜሮ" እና "ሪፖርት የለም" በተለያየ ምልክት ይመዝገቡ።

3. የሚጠበቀው የመስመር ብዛት አስቀድሞ ይታወቅ። አሥራ ሁለት ወረዳዎች ያሉት ዞን አሥራ አንድ መስመር ከመጣለት ፕሮግራሙ ይቁም።

4. ድምር ቁጥር ከቀዳሚው ቀን ካነሰ ወይም ባልተለመደ መጠን ከጨመረ፣ ሰው ሳያየው ወደ ሪፖርት አይግባ።

5. በየጊዜው ጥቂት ቁጥሮች በዕጣ ተመርጠው ከገጹ ጋር በዓይን ይመሳከሩ።

6. የዘመን አቆጣጠሩ ይለይ። የመስከረም ወር የሚጀምረው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ስለሆነ፣ የመስከረምን ሪፖርት ከውጭ ምንጭ የሴፕቴምበር ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የተሳሳተ ንጽጽር ይሰጣል። የጳጉሜን ቀናትም በየትኛው ወር እንደ ተቆጠሩ መታወቅ አለበት።

ፈቃድና ምስጢር ጠባቂነት

መረጃው በስክሪን ላይ መታየቱ ለመልቀም ፈቃድ አይሆንም። ብዙ ድረ ገጾች ፕሮግራሞች የትኛውን ክፍል እንዲያነቡ እንደሚፈቅዱ ሮቦትስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ያስታውቃሉ፤ የአጠቃቀም ደንባቸውም መነበብ አለበት። ፍጥነትም ገደብ አለው። ለምሳሌ ፐብሜድ የመለያ ቁልፍ የሌለው ፕሮግራም በሰኮንድ ከሦስት፣ ቁልፍ ያለው ደግሞ ከአሥር በላይ ጥያቄ እንዳይልክ ይጠይቃል። ያለ ልክ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሰርቨሩን በማጨናነቅ ሌላው ባለሙያ በአስቸኳይ የሚፈልገውን መረጃ እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል።

የታካሚዎች መረጃ ባለበት ሥርዓት ውስጥ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። አንድ ባለሙያ በይለፍ ቃሉ ገብቶ የታካሚን ሁኔታ እንዲያይ መፈቀዱ፣ የታካሚዎችን ዝርዝር በፕሮግራም አውርዶ በግል ኮምፒዩተሩ እንዲያስቀምጥ አያስፈቅድለትም። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ግን ከአዋጁም በፊት የነበረ ግዴታ ነው። ስም ቢወጣም እንኳ በአንድ ቀበሌ የሚገኝ አንድ ሕመምተኛ፣ ዕድሜውና ጾታው ብቻ ተጠቅሰው በቀላሉ ሊታወቅ ይችላል። የይለፍ ቃልንም በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ጽፎ ለባልደረባ ማቀበል የካርድ ክፍሉን ቁልፍ በር ላይ እንደ መተው ይቆጠራል።

ማጠቃለያ

ከተለዋዋጭ ድረ ገጽ መረጃን በፕሮግራም መሰብሰብ ለጤና ባለሙያው ብዙ ሰዓት ሊቆጥብለት ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ የመረጃውን ባለቤት መጠየቅና የተዘጋጀውን በር መጠቀም ይገባል፤ ገጹን በፕሮግራም ማንበብ የሚመጣው ይህ ሲታጣ ነው። የተገኘው ቁጥርም እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ሊታይ ይገባዋል። ሐኪም ከታካሚው ሁኔታ ጋር የማይሄድ ውጤት ሲደርሰው ምርመራው እንዲደገም እንደሚያዝ ሁሉ፣ በሥራ ቦታው ከሚያየው ጋር የማይጣጣም ቁጥር ከፕሮግራም ሲመጣለትም ወደ ምንጩ ተመልሶ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በተቆጠበው ሰዓት ውስጥ ለዚህ ፍተሻ የሚሆን ጊዜ አይጠፋም።