ቬኒስ ሊሄዱ ነው? መድኃኒትዎ የት ነው?

ለሚ ኩራ ያከምኳቸው አንዲት እናትን ልጃቸው ቬኒስ ልታስጎበኛቸው ነው። «የግፊት መድኃኒትዎስ?» ስላቸው «ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ» አሉኝ። ሻንጣው ቢጠፋስ? መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው!

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጉልበታቸው ነው። አሮጌው ቬኒስ መኪና አይገባበትም። እንደ ቦሌ ታክሲ ጠርቶ መገላገል የለም፤ ያለው እግርና ጀልባ ነው። ከ400 በላይ ድልድዮች አሉት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ደረጃ አላቸው። ስለዚህ ከአሁኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፤ ሆቴሉም ከጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ይሁን።

ከ4 ሰዓት በላይ በረራ ላይ ቁጭ ማለት እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ተነስተው ይንቀሳቀሱ፣ ውኃ ይጠጡ። ከበረራው በኋላ አንድ እግር ካበጠና ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ «ድካም ነው» ብለው አይተኙ፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለቪዛ ያወጡት የ30,000 ዩሮ የጤና ኢንሹራንስ ወረቀትም አብሮዎት ይሁን።