አዲስ የኮምፒዩተር ሞኒተር ዓይንን ስለሚያደክምበት ምክንያት



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በጽሕፈት ሥራ ላይ ያሉትን ብዙ ሰዎች የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው። ይኸውም አሮጌው የኮምፒዩተር ሞኒተር ተነሥቶ ሰፊና አንጸባራቂ የሆነ አዲስ ሞኒተር ሲተካ፣ ሥራው ይቀላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይን መቆርቆር፣ ራስን መፍለጥና ፊደል መደብዘዝ መጀመሩ ነው። አንዳንዱ ሰው «ይህ ነገር ዓይኔን ሊያጠፋው ነው» ብሎ ሥራውን ይሸሻል፤ ሌላው ከደመወዙ ከፍሎ ሰማያዊ ብርሃንን ይከላከላል የተባለ መነጽር ይገዛል። የሞኒተር ብርሃን ሰውን እንደሚያሳውር የተገኘ ማስረጃ የለም። ስለ መነጽሩም ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ የኮምፒዩተርን ድካም በመቀነስ ረገድ ከተራው መነጽር የሚበልጥ እንደማይመስል ገልጧል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምክንያቱን በተራ መፈለግ ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የብርሃኑ መጠን ነው። የብራና መጽሐፍ የሚታየው ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን ስለ ሆነ ቤቱ ሲጨልም አብሮ ይጨልማል። ሞኒተር ግን የራሱ ብርሃን ስላለው ቤቱ ጨለመም ነጋም እርሱ እንደ በራ ይኖራል። ብዙዎቹ ሞኒተሮች ደግሞ በመደብር ውስጥ ጎልተው እንዲታዩ ሲባል ብርሃናቸው ከፍ ተደርጎ ከፋብሪካ ይወጣሉ። አሁን በግሼ ወረዳ ከተማ በራቤል፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። በክረምት ጉሙ ወርዶ ክፍሉን ሲያጨልመው ሞኒተሩ በሌሊት እንደሚበራ ፋኖስ ዓይንን ይወጋል፤ ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ የደጋው ፀሐይ በመስኮት ገብቶ፣ የጎረቤቱም ቆርቆሮ ክዳን አንጸባርቆ፣ ያው ሞኒተር የደበዘዘ ይመስላል። እንግዲህ በሐምሌ የተስማማው መጠን በጥቅምት ላይስማማ ይችላል ማለት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። በሞኒተሩ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱና አንድ ነጭ ወረቀት ከአጠገቡ ይያዙ። ገጹ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ መብራት የሚያበራ ከሆነ ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ግራጫ መስሎ ከታየ ከፍ ያድርጉት። ጠረጴዛውንም መስኮቱ ከጎን እንዲሆን አዙረው ያስቀምጡ። መስኮቱ ከጀርባ ሲሆን በሞኒተሩ ላይ ያንጸባርቃል፤ ከፊት ሲሆን ደግሞ ዓይን ሁለት ብርሃን በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ርቀቱ ነው። አዲሱ ሞኒተር ሰፊ ሆኖ ሳለ በአሮጌው ቦታ ስለሚቀመጥ ፊት ላይ የተደቀነ ያህል ይሆናል። ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር፣ ማለት የተዘረጋ ክንድ ያህል ማራቅ፣ የላይኛውንም ጠርዝ ከዓይን ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

የፊደሉ ጉዳይ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። በአዲሱ ሞኒተር ላይ ነጥቦቹ ስለሚበዙና ስለሚደቅቁ ፊደሉ ያንሳል። የላቲን ፊደል ሲያንስ ብዙ ጊዜ በግምት ይነበባል፤ የእኛ ግን እንዲህ አይደለም። በ«ሉ» እና በ«ሊ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ከቀኙ እግር ወገብ ላይ መውጣቷ ወይም ከግርጌው መውጣቷ ብቻ ነው። ዓይን ይህችን ጭረት ለመለየት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ቢውል ቢደክም አያስደንቅም። በ12 መጠን ይጽፉ የነበረውን በ14 ወይም በ16 ይጻፉ፤ ወይም የኮምፒዩተሩን አጠቃላይ ማጉያ ወደ 125 በመቶ ያሳድጉ። ፊደሉን ለማተለቅ ብሎ የነጥቦቹን ብዛት መቀነስ ግን ስሕተት ነው። ሞኒተሩ የተሠራው 1920 በ1080 ሆኖ በሌላ ልክ ቢያዝ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛልና።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድካሙ ካልቀነሰ፣ ያን ጊዜ ሞኒተሩን ራሱን መጠርጠር ይቻላል። አንዳንድ ሞኒተሮች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት መብራቱን በሰኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ በማጥፋትና በማብራት ነው። ዓይን ይህን ለይቶ ባያየውም አንዳንድ ሰው ራስ ምታት ያገኘዋል። ብርሃኑ በተቀነሰ መጠን የመጥፋቱ ጊዜ ስለሚረዝም፣ ለዓይኔ ይበጃል ብሎ ዝቅ ያደረገው ሰው ሕመሙ ሲብስበት ግራ ይጋባል። ለመመርመር የቤቱን መብራት አጥፍተው፣ የሞኒተሩን ብርሃን ዝቅ አድርገው፣ በነጩ ገጽ ፊት እርሳስ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ያወዛውዙ። እርሳሱ ሳይቆራረጥ እንደ ጭስ ተዘርግቶ ቢታይ ደኅና ነው፤ ተለያይተው የቆሙ ብዙ እርሳሶች ቢመስል ግን ብርሃኑ ይቆራረጣል። እንዲህ ያለውን ሞኒተር ብርሃኑን ከፍ አድርጎ፣ ክፍሉንም አብርቶ መጠቀም ይሻላል፤ ሻጩ የሚቀበል ከሆነ መለወጥ ነው።

ሞኒተሩ ምንም ነቀፋ ባይኖርበት እንኳ አተኩሮ የሚያይ ሰው ዓይኑን መጨፈን ይረሳል። በደኅናው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ሽፋሽፍት፣ በሞኒተር ፊት ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ዓይንም ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ቢያንስ ለ20 ሰኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ነገር መመልከት ይመከራል። ለራቤል ጸሐፊ በመስኮቱ ማዶ ያለው ተራራ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን የዓይን ሕመም ሁሉ በሞኒተር መሳበቡ አደገኛ ነው። ትራኮማ በአማራ ክልል እጅግ ተስፋፍቶ የኖረ በሽታ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌንን ሲፍቅ፣ ሕመምተኛው የሚሰማው አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆር ነው፤ ይህም ከሞኒተር ድካም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ልዩነቱ የሞኒተሩ ድካም ሥራ ሲተው መለስ ማለቱ፣ ይህኛው ግን በበዓል ቀንም አለመተዉ ነው። በጊዜው ከታከመ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ሲሆን፣ ችላ ከተባለ ብሌንን አጠልሽቶ ያሳውራል። ስለዚህ መቆርቆሩ ያልተለየው፣ ዓይኑ የሚያዥ ወይም እይታው በድንገት የቀነሰበት ሰው ሞኒተሩን ማስተካከሉን ትቶ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ደግሞ የቅርብ ፊደል መደብዘዙ የተፈጥሮ ነገር ነው። ለመጽሐፍ የተሰጠው መነጽር ለ40 ሴንቲሜትር ያህል የተሠራ ስለ ሆነ በሞኒተሩ ርቀት ላይ አያጠራም። ወደ ዓይን ሐኪም ከመሄዱ በፊት ከዓይኑ እስከ ሞኒተሩ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይያዝ።