ስለ «ነርቭ ውጋት» እና ስለ «አበርቺ መድኃኒት» አሰያየም

የሕክምና ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ እየተመላለሰ ለሚነሣ የነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ቶኒክ አንዳንድ ጊዜ «ጅማትን የሚያጠነክር መድኃኒት» ተብሎ ያጋጥመናል። ሐረጉ ለጆሮ ቢጥምም ሁለት ስሕተቶችን አዝሏል።

አንደኛው «ጅማት» የሚለው ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ ስሜትንና ትእዛዝን የሚያስተላልፈው ግን ነርቭ ነው። በጥንታዊው ግሪክኛም «ኔውሮን» መጀመሪያ ጅማትን ያመለክት ነበርና መደባለቁ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ግን «ነርቭ» በአማርኛ ስለ ተለመደ እርሱው ይጽና። ሕመሙ እንደ ጦር የሚወጋ ስለ ሆነ «የነርቭ ውጋት» ብንለው ከመገጣጠሚያ «ቁርጥማት» ይለያል። ተሽሎ የሚመለሰውንም «የሚያገረሽ» ማለት ይሻላል፤ «ሥር የሰደደ» የቆይታውን ርዝመት እንጂ መመላለሱን አይናገርምና።

ሁለተኛው «የሚያጠነክር» የሚለው ነው። «ቶኒክ» የተገኘው ከግሪክኛው «ቶኖስ»፣ ማለትም ከ«ውጥረት» ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ የአውሮጳ ሐኪሞች ውጋቱ ከነርቭ መድከም የሚመጣ ስለ መሰላቸው ኪኒንና ብረት ያዝዙ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ አንስቲም እ.ኤ.አ. በ1871 ስለዚሁ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ሕመሙን ከድካም ጋር አያይዞታል። ይሁን እንጂ ፊትን ለሚወጋው የነርቭ ሕመም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ ያለ ልክ የሚቀሰቀሰውን ነርቭ ያረጋጋል እንጂ አያጠነክርም።

በእርግጥ የነርቩ ጉዳት ከቫይታሚን ቢ12 ማነስ የመጣ ሲሆን ቫይታሚኑን መስጠት ተገቢ ሕክምና ነው። ይህ ግን «ጉድለትን መሙላት» እንጂ «ማበርታት» አይባልም። በአንጻሩ ቫይታሚን ቢ6 ከመጠን በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጐዳል።

ስለሆነም ለ«ቶኒክ» በበኩላችን «አበርቺ መድኃኒት» የሚለውን እንመርጣለን። «ኃይል ሰጪ» ለምግብ ዓይነት፣ «ማበረታቻ» ደግሞ ለሽልማትና ለጥቅም መጠሪያ ውለዋል። ከሁሉ በላይ ተርጓሚው «ያበረታል» የሚለውን «ይፈውሳል» እንዳያደርገው አደራ እንላለን። በሽተኛው የሚያነበው የመድኃኒቱን መግለጫ ነው፤ ቃሉን አምኖ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ቢዘገይ፣ የቢ12 ማነስ በጊዜ ካልታከመ የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።