ቤት የዋሉት ልጆች ብቻ ነበሩ

ስለ ኮሮና ዘመን ሲወራ «ያኔ ሁላችን ቤት ተዘግቶብን ሳለ» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ሮም ወይም ኩዌት ለነበረ ወገን ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን እንዲያ አልነበረችም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መጨባበጥ ሳይቀር ተከለከለ፣ ሚኒባሱም ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ማስከፈል ጀመረ። ያም ሆኖ መርካቶ ሥራ ላይ ነበር። ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላን ሕዝብ ከቤት አትውጣ ማለት እንደማይቻል መንግሥትም ያውቀው ስለነበር በሩን ጨርሶ አልዘጋም። አባት ይወጣል፣ እናት ትወጣለች፣ ሠራተኛዋ ገበያ ደርሳ ትመጣለች። በር የተዘጋባቸው ልጆች ናቸው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ተማሪ ክፍሉ ተመልሶ የተቀመጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ ላይ ነው።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። በዚያ ወቅት ስለ ልጆች የሚነገረው «ኮሮና እነሱን እምብዛም አይጎዳም» የሚል ነበር፤ ስለ ቫይረሱ ከሆነ እውነት ነው። ወደ ምርመራ ክፍሌ ይመጡ የነበሩት ልጆች ግን ሌላ ነገር ይዘው ነበር የሚመጡት።

አንዱን ላንሳ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሆዱን ያመዋል ብላ አመጣችው። በፌስታል ያመጣችውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፦ የአሜባ ክኒን፣ የታይፎይድ ክኒን፣ የትላትል ሽሮፕ። (በእኛ አገር ሆዱን ያለ ልጅ ከአሜባና ከታይፎይድ ሌላ በሽታ ሊኖረው የሚችል አይመስልም።) ሆዱ ለስላሳ ነው፣ ክብደቱ አልቀነሰም፣ ሰገራውም ንጹሕ ነው። መቼ መቼ እንደሚያመው ጠየቅኋት።

«ማታ ማታ ነው ዶክተር።»

«ስንት ሰዓት ገደማ?»

ትንሽ አሰበችና «ዜና ላይ» አለች።

ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። «ባለፉት 24 ሰዓታት» ብሎ ይጀምርና በቫይረሱ የተያዙትን፣ የሞቱትን፣ በጽኑ ሕክምና ላይ ያሉትን ይቆጥራል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አያትየውም አብረው ይኖራሉ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአያቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ሶፋ ላይ አነጠፉለት። «እማማ አጠገብ አትድረስ፣ ታስይዛታለህ» ተባለ። የነገሩትም ለክፋት አልነበረም፤ እኛ ሐኪሞቹም በየሚዲያው የምንለው ይህንኑ ነበር። እናቱን ለትንሽ ጊዜ ውጭ ጠብቂ ብያት ብቻችንን ስንቀር፣ ልጁ ጫማውን እያየ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «እማማ ብታስላት እኔ ነኝ?»

ለዚህ ክኒን የለም። እናቱን ጠርቼ ሦስት ነገር ነገርኳት። ልጁ ባለበት ዜናው ይዘጋ። የሚነገረው ነገር ካለ እሷ ራሷ ቀን በብርሃን፣ በአጭሩ ትንገረው። ሦስተኛው የሥራ ድርሻ ነው፦ በምሳና በራት ሰዓት አያቱን የሚያስታጥበው እሱ ይሁን። መጀመሪያ የራሱን እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ማስክ ያድርግ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ውሃ ያፍስስላቸው። ታላቅን ማስታጠብ የልጅ ወግ ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እማማን የሚያስይዝ ሳይሆን የሚጠብቅ ልጅ ይሆናል ማለት ነው። ከሳምንታት በኋላ እናቱ ለታናሽየው ክትባት መጥታ ስጠይቃት የሆዱን ነገር ረስታው ነበር።

ሌሎችም መጡ። አልጋ ላይ መሽናት ትተው የነበሩ እንደገና የጀመሩ፣ ሌሊት የሚባንኑ፣ ጥፍራቸውን እስከ ሥሩ የሚበሉ። ከብዙዎቹ ጋር ስነጋገር ያየሁት ውሏቸው መጥፋቱን ነው። የልጅ ቀን በሰው የተሠራ ነው፦ ጠዋት የሚቀሰቅሰው፣ የሚሮጥበት የእረፍት ሰዓት፣ ምሳ ዕቃ የሚከፍትበት፣ ተመልሶ የሚያወራው። ይሄ ሁሉ በአንድ ሰኞ ሲነሳበት ቀኑ መጀመሪያና መጨረሻ አጣ። ባለ ኳሶቹ የሰፈር ልጆች ይሻሉ ነበር፤ መንገዱ ጭር ሲልላቸው ጎል ተክለው ይውሉ ነበርና። ክፉኛ የተጎዳው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሠራተኛ ታጅቦ፣ በረንዳ ላይ የሚውለው ልጅ ነው። ድህነት ለአንድ ጊዜ ያህል ለልጅ የተሻለ ነገር ሰጠ ማለት ይቻላል፤ ይህን ስል ግን ያኔ በየመብራቱ ማስክ ይሸጡ የነበሩትን ልጆች አልረሳሁም።

ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የግሎቹ፣ በቴሌግራም መልመጃ መላክ ጀመሩ። አንድ ስማርት ስልክ ያለው ቤት፣ ስልኩም ከአባት ጋር ሥራ የሚውልበት ቤት፣ ሦስት ተማሪ አለው። መልመጃው የሚሠራው ማታ፣ ሁሉም ሰው በደከመበት ሰዓት ነው። ብዙ ወላጅ ያን ጊዜ ከልጁ ጋር የተጣላው በሒሳብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ ሰኔ 22 ቀን ከተፈጸመው የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋረጠ፤ ቴሌግራሙም አብሮ ቀረ። ለወላጆች የምለው «መልመጃው ይቅር፣ ሰዓቱ ግን ይኑር» ነበር፦ መነሻ፣ ቁርስ፣ መጽሐፍ፣ ጨዋታ፣ መኝታ። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

የውሎ መፍረስ ከማንም በላይ የበረታው ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ነው። በየቀኑ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ለእነሱ መኖሪያቸው ነው። ማዕከላት ሲዘጉ እነዚያን ልጆች ቤት ውስጥ የያዙ እናቶች ምን እንዳዩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው ዘሚ የኑስም ራሷ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ሞተች። ለብዙ ቤተሰብ ድርብ ሐዘን ነበር።

ስለ አራሶችም ጥቂት ልበል። ጨቅላን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። በዚያ ዓመት ግን ግቢው ሰው ይበዛበታል፣ ጎረቤት ይስማል ተብሎ ሕፃኑ ከቤት አልወጣም። በመስኮት እናሞቀዋለን ይሉኛል። መስታወት ግን ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር አያሳልፍም። ዓመት ሞልቷቸው እርግብግቢታቸው ገና ሰፊ የሆነ፣ የእጅ አንጓቸው ያበጠ፣ ቆመው እግራቸው የሚጎብጥ ሕፃናት አየሁ፤ ሪኬትስ ነው። ይሄ በወረርሽኝ የመጣ በሽታ አይደለም፣ በአዲስ አበባ ድሮም ነበር፤ የፎቅ ኑሮና ፍርሃት ሲደመሩበት ባሰ እንጂ።

ፍርሃት ክትባትም አስቀርቷል። ጤና ጣቢያ መሄድ ኮሮና ፍለጋ መሄድ ይመስላቸው ነበር። በ2012 ክረምት በዘመቻ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ባያገኙ ኖሮ ከኮሮናው ይልቅ ኩፍኙ ልጅ ይጨርስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ዘመቻው ብዙ አልተወራም፤ መወራት ነበረበት።

በረኪናስ? ያኔ እጅ ለመታጠብ፣ የበር እጀታ ለመወልወል ተብሎ ተበጥብጦ ሃይላንድ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ብሎ ያነሳል። ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል። ይዛችሁ ሩጡ፣ ጠርሙሱንም አምጡ።

ወረርሽኝ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የሚወስኑ ሰዎች ልጅን ከቤት ማዋል ነፃ ነገር፣ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ አድርገው እንዳያዩት ነው የምፈልገው። ካፌው ተከፍቶ፣ ገበያው ሞልቶ፣ የትምህርት ቤቱ በር ብቻ እንደተቆለፈ የከረመበት ምክንያት ልጆች ስለማይከራከሩ ይመስለኛል። መጀመሪያ መዝጋቱ ትክክል ነበር፤ ስለ በሽታው የምናውቀው ጥቂት ነበርና። ያን ያህል ወር መቆየቱ ግን ትክክል አልነበረም።

ሂሳቡ ደግሞ ገና አልተዘጋም። ያኔ የዓመትና የሁለት ዓመት ልጅ የነበሩት አሁን ተማሪዎች ናቸው። እናት ስትሠራ፣ ሠራተኛዋ ምግብ ስታበስል፣ ዝም እንዲሉ ስልክ የተሰጣቸው ናቸው። እስከ አሥር በእንግሊዝኛ የሚቆጥር፣ ቤቢ ሻርክን ከነጭፈራው የሚያውቅ፣ ግን ሲጠማው «ውሃ» ማለት የማይችል የሦስት ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ውሃ ሲፈልግ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይጎትታል። እናቶች «ስልኩ ኦቲዝም አመጣበት?» ይሉኛል። አያመጣም። ስልክ ግን ከልጁ ጋር አይነጋገርም፤ ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚማረው ሲመልሱለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፣ ከዚያ በላይ እስከ አራት ዓመት ድረስ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የዚያን ዓመት እናቶች በዚህ አልወቅስም። ስልኩን ባይሰጡ ኖሮ ሥራቸውን ባጡ።

ዛሬ ግን ጊዜው ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር ልጅ ያላችሁ፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ አምጡት። ትምህርት ቤት የገባ ልጃችሁም ቃል ከከበደው ወይም ክፍል ውስጥ አልረጋ ካለ፣ ለሐኪሙ በ2012 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ እንደነበርና ማን ጋር ይውል እንደነበር ንገሩት። ብዙ ሐኪም ሳይጠይቅ ያልፈዋል።