የሞገድ ግራፍ ስናይ በመጀመሪያ ምኑን እንመልከት?

እንደሚታወቀው በፊዚክስ ትምህርት ብዙ ተማሪዎችን ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ የሞገድ ግራፍ ነው። ችግሩ የተማሪው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እኛንም ዕጩ መምህራኑን ይነካናል። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሞገድ ግራፍ ሣለ። ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው ጉብታ ያለውን ለካና «የሞገዱ ርዝመት 2 ነው» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ አቀርቅሮ ገለበጠ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «ቲቸር፣ 2 ምን?» ብላ ጠየቀች። ወደ ግራፉ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ከአግድም መስመሩ ሥር የተጻፈው «ሴኮንድ» ነው። ታዲያ ርዝመት በሴኮንድ ይለካል እንዴ? ሰሌዳውን ማጥፋት ቀላል ነው፤ በስድሳ ደብተር የተገለበጠውን ማረም ግን ቀላል አይደለም።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ሁለት የተለያዩ ግራፎች አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው ነው። ልዩነታቸውን ለመረዳት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በየቡ የቡና ጆንያ የሚታሰርበት ገመድ አይጠፋም። አሥር ሜትር ያህል ገመድ እናምጣና በወለል ላይ እንዘርጋው። ከመካከሉ አንድ ቀይ ጨርቅ እንሠር። አንደኛው ጓደኛችን አንዱን ጫፍ ይያዝ፤ ሌላው ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይዞ ሳያቋርጥ፣ በእኩል ፍጥነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ። ሞገዱ ጫፍ ደርሶ ከመመለሱ በፊት ዓይናችንን ጨርቁ ላይ እንትከል። ሞገዱ ገመዱን ይዞ ሲሄድ ጨርቁ ግን አብሮት አይሄድም፤ ባለበት ቦታ ወዲያና ወዲህ ብቻ ይላል።

እስቲ አሁን ሁለት ጥያቄዎችን እናንሣ። አንደኛው «በዚህች ቅጽበት ገመዱ ሁሉ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። ይህ ልክ ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ነው። በአግድም መስመሩ ላይ የምንጽፈው ርቀትን፣ ማለትም ሜትርን ነው። ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለውም የሞገድ ርዝመት ይባላል። ሁለተኛው ጥያቄ «ቀዩ ጨርቅ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ፣ ከሴኮንድ ወደ ሴኮንድ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የቀረውን ገመድ እንረሳለን። በአግድም መስመሩ ላይ የምንጽፈው ጊዜን ነው። ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ደግሞ ፔሪየድ፣ ይኸውም ጨርቁ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። ቁም መስመሩ ግን በሁለቱም ግራፎች አንድ ነው፤ ገመዱ ከዕረፍት ቦታው ምን ያህል እንደ ራቀ ይነግረናል። ስለሆነም አምፕሊቱድን ከሁለቱም ማንበብ ይቻላል።

በቁጥር እንየው። ከመጀመሪያው ግራፍ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር፣ ከሁለተኛው ደግሞ ፔሪየዱ 0.5 ሴኮንድ ሆኖ ቢገኝ፣ 2ን ለ0.5 ስናካፍል ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ይሆናል። ልብ እንበል፤ ከሁለቱ ግራፎች አንዱ ብቻ ቢሰጠን ኖሮ ፍጥነቱን ማግኘት አንችልም ነበር። ፈተና ላይ አንድ ግራፍ ብቻ ተሰጥቶ ፍጥነት ከተጠየቀ፣ የጎደለው ቁጥር በጥያቄው ጽሑፍ ውስጥ መፈለግ አለበት ማለት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። በገመዱ ላይ ያለ አንድ ነጥብ በዚያች ቅጽበት ወዴት ይሄዳል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙዎቻችን መስመሩን በዓይናችን እየተከተልን «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» እንላለን። በጊዜ ግራፍ ይህ ልክ ነው። በርቀት ግራፍ ግን ሞገዱ ወዴት እንደሚጓዝ ካልታወቀ መልስ የለውም። ወደ ቀኝ የሚጓዝ ከሆነ ያንኑ ሞገድ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገን በነጠብጣብ እንሣለው። ነጠብጣቡ በነጥቡ ቦታ ላይ ከፍ ካለ ነጥቡ እየወጣ፣ ዝቅ ካለ እየወረደ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

በተጨማሪም ግራፍ የነገሩ ሥዕል አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። የከበሮ ድምፅ በአየር ውስጥ ሲጓዝ አየሩ የሚወዛወዘው ድምፁ በሚሄድበት አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ነው። በግራፉ ላይ «ወደ ላይ» ያለው በአየሩ ዘንድ «ወደፊት» ማለት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለፈተና ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሟል። ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። በቀድሞው ዓይነት ሴይስሞግራፍ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ብዕሩም የአንዲት ቦታን መንቀጥቀጥ ይጽፋል። ስለዚህ የሚወጣው የጊዜ ግራፍ ነው፤ መሣሪያውም እንደ ቀዩ ጨርቃችን ባለበት ቆሞ የሚወዛወዝ ነው።

ከዚህ የጊዜ ግራፍ ርቀት ይገኛል። ከመሬት መንቀጥቀጥ ቦታ ሁለት ዋና ሞገዶች ይነሣሉ። ፈጣኑ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዝግተኛው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ብንል፣ 126 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የመጀመሪያው 21 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 36 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በወረቀቱ ላይ በሁለቱ መድረሻ መካከል 15 ሴኮንድ ያነበበ ባለሙያ መናወጡ የደረሰው 126 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መሆኑን ያውቃል። በ2017 ዓ.ም በተደጋጋሚ ተናውጦ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢም በአየር መስመር ከዚህ እምብዛም የማይለይ ርቀት ላይ ይገኛል። ይሁንና 15ቱን ሴኮንድ «15 ኪሎ ሜትር» ብሎ ያነበበ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት መገመት አያዳግትም።

በመሆኑም ግራፍ ሲቀርብልን ቅደም ተከተላችን ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ከአግድም መስመሩ ሥር የተጻፈውን መለኪያ እናንብብ፤ ቀጥሎ ቁም መስመሩን፤ የሞገዱን መልክ በመጨረሻ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሥዕል ያልለጠፍነው ሁለቱን ግራፎች እናንተው ጎን ለጎን ሥላችሁ እንድትሞክሩ ብለን ነው። ነገ በየወረዳው ስንመደብ «2 ምን?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ በሁሉም ክፍል ላትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ከመጻፋችን በፊት ራሳችን እንጠይቅ።